ጫማ ሰፊው ሸይኽና 200 ባልደረቦቹ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በ1330ዎቹ (እ.ኤ.አ) ታዋቂው ተጓዥ ኢብን በጡጣ ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር ወደምትገኘው አንታልያ ገባ። በማግስቱ ያረጀ ልብስ የለበሰ ሰው መጥቶ እሱንና ባልደረቦቹን እራት ጋበዛቸው። ኢብን በጡጣ ቋንቋውን ስለማያውቅ ያስተናገደው ሸይኽ አስተረጎመለት። ሰውየው ድሃ ስለመሰለው ሊያስቸግረው አልፈለገም። ሸይኹ ግን ሳቀ። ያ ሰው ጫማ ሰፊ ነው፤ 200 ያህል የእጅ ባለሙያዎችም መሪያችን ብለው መርጠውታል። አመሻሽ ላይ ሲሄዱ ምንጣፍ የተነጠፈበትና ፋኖስ የበራበት ዛዊያ ጠበቃቸው።

እነዚህ ሰዎች «አኺ» ይባሉ ነበር። ቀን በየሥራቸው ይውላሉ። ከዐስር በኋላ ያገኙትን ለመሪያቸው ያስረክባሉ፤ በእሱም ምግብ ይገዛል። እንግዳ ካለ ይስተናገዳል፤ ከሌለም አብረው ይበላሉ። ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

መሠረቱ «ፉቱዋ» የሚባለው የቸርነትና የጨዋነት ሥርዓት ነው። የባግዳዱ ኸሊፋ አን-ናሲር (1180–1225 እ.ኤ.አ) ይህን ሥርዓት አደራጅቶ አስፋፍቶታል። በአናቶሊያ ደግሞ ባለሙያዎች አባታችን የሚሉት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን አኺ ኤቭራንን ነው። መቃብሩ በክርሼሂር ከተማ ይገኛል። ሙያው ምን ነበር? ቆዳ ማልፋት!

በኦቶማን ዘመን ይህ ወግ ወደ ሙያ ማኅበራት ተሸጋገረ። ልጅ በተለማማጅነት ይገባል፤ ቀጥሎ ረዳት ይሆናል፤ ሥራው ሲመሰከርለት ወገቡን በመታጠቂያ ታጥቆ «ኡስታ» ይባላል። ጥሬ ዕቃ ሲመጣ ጉልበተኛው ብቻውን እንዳይጠቀልለው ለአባላት ይከፋፈላል። ከመዋጮ በተጠራቀመ ገንዘብ የታመመ ይረዳል፤ የተቸገረ ይበደራል። የእኛን ዕድር የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ አባሉን ከችግር ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ከአባሉ ይጠብቅ ነበር። የአንዱ ማጭበርበር የሁሉም ውርደት ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ሥራን ይመረምራሉ፤ ያጠፋውን ይቀጣሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ የሚያታልል ከእኛ እንዳልሆነ መናገራቸው ይታወቃል። ማኅበራቱ ይህን ወደ ዕለታዊ አሠራር ለወጡት።

ታሪኩ ድክመትም አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ገዲክ» የሚባለው የመሥራት ፈቃድ እየተስፋፋ ሄደ። የሱቅ ቁጥር ተገደበ፤ ፈቃዱ የሚወረስና የሚሸጥ ንብረት ሆነ። ችሎታ ያለው ወጣት በር ላይ ቆሞ ቀረ። ሙያን ለመጠበቅ የተሠራ አጥር የአባላት ጥቅም መጠበቂያ ሲሆን ማኅበሩ ከውስጥ ይዳከማል።

ይህን ለምን አነሳን? በአገራችን ሙስሊሙ ርስት በተከለከለበት ዘመን እንደ ጎንደር ባሉ ቦታዎች በንግድና በሽመና ራሱን አቆይቷል። ሆኖም ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ አልፊው በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዛሬም ልጁ ጫማ ሰፊ መሆኑን ለመናገር የሚያፍር ወላጅ በመካከላችን አለ። በአንታልያ ግን 200 ሰው ጫማ ሰፊን መሪ አድርጎ ሾመ።

ያ ክብር በልመና አልመጣም። በአማና፣ በመተጋገዝና ለተተኪ በር በመክፈት የመጣ ነው። የልብስ ሰፊም ይሁን የሐኪም፣ የሹፌርም ይሁን የመምህር ማኅበር ያለን ሁሉ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ መዋጯችን የታመመውን ይደርሳል? ያጭበረበረውን አባላችንን እንገሥጻለን ወይስ እንሸፍናለን? ዘንድሮ ስንት ወጣት አሠለጠንን?

አላህ (ሱ.ወ) በሐላል ሠርተው ከሚጠቃቀሙት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።