የሃርዝ ደን ለምን ቆሞ ደረቀ?

በጀርመን ሃርዝ ተራሮች ከ2018 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ነው) ሦስት ዓመት የዘለቀው ድርቅ ያገኘው ደን አብዛኛው ቆሞ ደርቋል። በመላ አገሪቱ እስከ 2021 ሚያዝያ ድረስ የጠፋው ደን በሳተላይት ሲለካ 500,000 ሄክታር ያህል ሆነ። ጥፋቱን ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ ይቀላል። ድርቁ የመታው ደን ግን ለመመታት ከ200 ዓመት በላይ በሰው እጅ ሲዘጋጅ የቆየ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንጨት እጦት ነው። በጀርመኗ የሳክሶኒ ግዛት የብር ማዕድንና የማቅለጫ ምድጃዎች ደኑን ሲያራቁቱት፣ የፍራይበርጉ የማዕድን ሹም ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የሚቆረጠው ከሚተካው እንዳይበልጥ በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ መከረ። ምክሩ ደግ ነበር፤ ያበላሸው አፈጻጸሙ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት የደን ሹሞች ቶሎ የሚያድገውንና ግንዱ ቀጥ ብሎ ለመጋዝ የሚመቸውን ስፕሩስ የተባለ ዛፍ፣ ቀድሞ ቢችና ኦክ የተባሉ ዛፎች በበቀሉበት ዝቅተኛ ቦታ ሳይቀር፣ ረድፍ በረድፍ ተከሉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም እንግሊዞች ለጦር ካሳ ያስጨፈጨፉት የሃርዝ ክፍል መልሶ በስፕሩስ ለበሰ። እንጦጦ በባሕር ዛፍ የተሸፈነው በምን ችግር እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም።

የስፕሩስ ሥር ከላይኛው አፈር ብዙም አይወርድም። የቅርፊት ጥንዚዛ ሲበሳው በሙጫ ይከላከላል፤ ውኃ ሲያጥረው ግን ሙጫው ይነጥፋል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ጥንዚዛው በአንድ በጋ ደጋግሞ ይፈለፈላል፤ ከአንዱ ግንድ ሲወጣ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ምግቡ ነው። በመካከል ቢችና ኦክ ቢኖሩ ግን ቀጣዩን ስፕሩስ ፍለጋ ይደክማል፣ ብዙውም በመንገድ ይቀራል። ይህ የዛሬ ግኝት ብቻ አይደለም፤ የሙኒኩ ፕሮፌሰር ካርል ጋየር ስለ ቅይጥ ደን መጽሐፍ የጻፈው በ1886 ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የባቫሪያን ስፕሩስ የእሳት እራት ትል ፈጀው። ተከላው ግን አልቆመም።

የቅይጥ ደን ተቃዋሚዎች ክርክር ቀላል አይደለም። በዚያው ድርቅ ቢችም ደርቋል፤ በደረቅ አፈር ላይ ዛፎች ሲቀላቀሉ በውኃ የሚሻሙበት ጊዜም አለ። ልክ ነው። ስለዚህ የዛፍ ስብጥር ድርቅን ያስቀራል ማለት ማጋነን ነው፤ የሚያስቀረው ሁሉም ዛፍ በአንድ ጊዜና በአንድ ምክንያት መሞቱን ነው። የተረፈው ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ ዘር ይጥላል፣ አፈር ይይዛል። ስፕሩስ ትርፋማ ነው የሚለውም ቢሆን ሒሳቡ ጎዶሎ ነው፦ የደረቀው ሁሉ ባንዴ ሲቆረጥ ገበያው ሞልቶ የእንጨቱ ዋጋ ወደቀ። ለቅይጥ ደን ከበድ ያለው ፈተና ሌላ ነው፤ አጋዘን ከስፕሩስ ችግኝ አስቀድሞ የኦክን ለጋ ይበላል። በዚህም የተነሳ ጀርመን ውስጥ የደን ክርክር ዛሬ አጥር በማጠርና በአደን ፈቃድ ላይ ደርሷል።