ስም ዘመንን ሲመሰክር

የልደት መዝገብ በሌለበት አገር የትውልድን ዘመን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚይዘው ስምን ነው። በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ዘንድ ሕፃን በሞተ ዘመድ ስም እንጂ በሕያው ስም አይጠራም፤ ስለዚህ የልጅ ልጅ የአያቱ ሞክሼ ሆኖ ከተገኘ፥ አያትየው ከሕፃኑ ልደት በፊት እንደ ሞተ ይገመታል። ልማድ እንጂ ሕግ አይደለምና ግምቱ ግምት ነው። ከእስጳንያ የወጡት አይሁድማ በሕያው አያት ስም ስለሚሰይሙ ይህ ስሌት ለእነርሱ አይሠራም።

በአሶሳ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ስሞቹን ቆጥሮ ለአንዱ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት መስጠት ይቻላል። ነገር ግን ሞክሼነት ያስታል። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. በዘመቱ ጊዜ የአሶሳው ገዥ ሼክ ሖጀሌ አልሐሰን፥ የቤኒ ሻንጉሉ ደግሞ ቶር አልጉሪ የሚባሉት አብዱራህማን ሖጀሌ ነበሩ። ስሙን ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛውን የፊተኛው ልጅ አድርጎ አንድ ትውልድ ወደዚህ ያመጣቸዋል። ሁለቱ ግን በአንድ ዘመን የነበሩ ጎረቤት ገዥዎች ናቸው፤ የአብዱራህማን አባት ሌላ ሖጀሌ ነው። አብዱራህማንን ወደ ቦታቸው የሚመልሳቸው የዘመቻው ዓመት ነው። ሼክ ሖጀሌ አልሐሰን እስከ 1930 ዓ.ም. ገደማ ኖረዋል።