ከቡሽ እስከ ላይሶዞም፦ የሕዋስ ክፍሎች አገኛኘት

ሮበርት ሁክ ለንደን ውስጥ ከቡሽ ስስ ቅንጣቢ ልጦ በማይክሮስኮፕ ያየውን በ1665 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሥዕሉ የሚያሳየው ጎን ለጎን የተደረደሩ ባዶ ክፍሎችን ነው፤ ቡሽ የሞተ ቅርፊት ስለሆነ ከሕዋሶቹ የቀረው ግድግዳቸው ብቻ ነበር። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን በኦርኪድ ሕዋሶች ውስጥ አንድ ክብ አካል አስተውሎ ኒውክለስ ያለው ከ166 ዓመት በኋላ፣ በ1831 ነው። ክቡን አካል ከእሱ በፊት ያዩ ነበሩ፤ የብራውን ድርሻ በየሕዋሱ ደጋግሞ መገኘቱን ልብ ማለቱ ነው። ሥራውን ግን አላወቀም።

ግኝቱን ያዘገየው የመነጽሩ ድክመት ብቻ አልነበረም። የሕዋስ የውስጥ አካላት አብዛኞቹ ቀለም ስለሌላቸው፣ ካልተነከሩ በቀር ከአካባቢያቸው አይለዩም። መፍትሔው የመጣው ለጨርቅ ማቅለሚያ ከተፈበረኩት ሰው ሠራሽ ቀለሞች ነው። ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ በእነዚህ እየተጠቀመ፣ ሕዋስ ሲከፈል በኒውክለስ ውስጥ ያሉት ክሮች፣ ማለትም ክሮሞዞሞች፣ በቁመታቸው ለሁለት እንደሚሰነጠቁ በ1882 ገለጸ።

ቀለም ግን ጥርጣሬም ያመጣል። ካሚሎ ጎልጂ በ1898 በፓቪያ የጉጉት ነርቭ ሕዋሶችን በብር ጨው ነክሮ በውስጣቸው መረብ የመሰለ ነገር አየ። ብዙዎች ግን መረቡ ብሩ ራሱ የፈጠረው እንጂ በሕዋሱ ውስጥ የነበረ አይደለም አሉ። ተጠራጣሪዎቹ ግትሮች አልነበሩም፤ በጊዜው በነበረው መሣሪያ ሁለቱን መለየት ያስቸግር ነበር። ክርክሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1950ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተፈታ፤ የጎልጂ አካል እውን ነበር። ፕሮቲኖችን አሰናድቶና ለይቶ ወደየመድረሻቸው የሚልከው እሱ ነው። ጆርጅ ፓላዴም በዚያው መሣሪያ፣ ፕሮቲን የሚገጣጠምባቸውን ራይቦዞሞች ኒውዮርክ ውስጥ አጠና።

ላይሶዞም የተገኘው ግን በማየት አልነበረም። ቤልጅጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በሉቫን የአይጥ ጉበት ፈጭቶ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ እያጣራ ኢንዛይሞችን ይለካ ነበር። አንደኛው ኢንዛይም ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ሥራ አሳየ፤ ናሙናው ማቀዝቀዣ ውስጥ አምስት ቀን ቆይቶ እንደገና ሲለካ ግን ሥራው ከፍ አለ። መልሱ ቀላል ነበር፦ ኢንዛይሙ በከረጢት ተዘግቷል፤ ከረጢቱ ሲያረጅ ይለቀዋል። ደ ዱቭ አካሉን ላይሶዞም ብሎ የሰየመው በ1955 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት አሌክስ ኖቪኮፍ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አነሳው። ላይሶዞም ያረጁ የሕዋስ ክፍሎችንና ከውጭ የገባውን ነገር ይፈጫል። በ1963 ሄንሪ ኸርስ፣ ፖምፔ በተባለው በሽታ በሕፃናት ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ስንቅ የሚከማቸው ከላይሶዞም ኢንዛይሞች አንዱ በመጉደሉ መሆኑን አሳየ።