መርዝ የተመረተበት ምድር

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ዛሬ ጎሽና አጋዘን የሚሰማሩበት 6,000 ሄክታር ያህል የተከለለ ሜዳ ይገኛል። ሥፍራው የአራዊት መጠጊያ ለመሆን የበቃው ግን ተፈጥሮው ሳይነካ በመቆየቱ አይደለም፤ በአገሪቱ እጅግ ከተበከሉት ቦታዎች አንዱ ስለ ነበረ ነው።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ይህን መሬት እ.ኤ.አ. በ1942 ከገበሬዎች ወስዶ ሮኪ ማውንቴን አርሰናል የተባለውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አቋቋመበት። በዚያም በጦርነቱ ዘመን የሰናፍጭ ጋዝና ተቀጣጣይ ቦምብ፣ ከ1953 እስከ 1957 ደግሞ ሳሪን የተባለው የነርቭ መርዝ ተመረተ። ከፊሉ ለግል ኩባንያዎች ተከራይቶ እስከ 1982 ድረስ የፀረ ተባይ መድኃኒት ሲመረትበት ኖረ።

የፋብሪካው ፍሳሽ በመጀመሪያ የተጣለው በአፈር ኩሬዎች ውስጥ ነበር። መርዙም ወደ ከርሠ ምድር ውኃ በመስረጉ፣ በ1954 በስተሰሜን የነበሩ ገበሬዎች አዝመራቸው መጎዳቱን አስታወቁ። ስለዚህ በ1956 ወለሉ አስፋልት የተነጠፈ ሰፊ ኩሬ ተሠራ፤ ውሎ አድሮ እርሱም አፈሰሰ። ቀጥሎም 3,671 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከማርች 1962 ጀምሮ ፍሳሹ በግፊት ወደ ዐለቱ ይገባ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የዴንቨር አካባቢ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በ1965 ዴቪድ ኢቫንስ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ የፍሳሹን መጠን ከመንቀጥቀጡ ብዛት ጋር አስተያይቶ ዝምድናቸውን ገለጸ። ሥራው በፌብሩዋሪ 1966 ቢቆምም፣ በዐለቱ ውስጥ የገባው ግፊት መስፋፋቱን ስላላቋረጠ፣ ከሁሉ የበረታው መንቀጥቀጥ የደረሰው በ1967 ነበር።

በ1986 የብርድ ወራት፣ ያን ጊዜ የመጥፋት አደጋ የነበረባቸው ራሰ ነጭ ንስሮች በሥፍራው ሰፍረው ተገኙ። ሰውን ያራቀው አጥር ለአራዊቱ ከለላ ሆኗቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 ቦታው የአራዊት መጠጊያ እንዲሆን ሕግ አወጣ። በ2007 16 ጎሾች ገቡ፤ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀው ዋናው የጽዳት ሥራም በ2010 ተፈጸመ።

ይሁን እንጂ ጽዳት ማለት መርዙን ማጥፋት ማለት አልነበረም። ብዙው ዝቃጭ በዚያው ግቢ በተሠሩ የታሸጉ ማከማቻዎች ተቀብሯል፤ የከርሠ ምድሩ ውኃም እስከ ዛሬ ይጣራል። በዚያ ቤት ሠርቶ መኖር፣ ማረስ፣ የጉድጓዱን ውኃ መጠጣት፣ ከግቢው የተገኘ ዓሣና የአውሬ ሥጋ መብላት ክልክል ነው። ለሰው መኖሪያ የሚሆን ምድር የሚጠይቀው ጽዳት ለአራዊት ከሚያስፈልገው ይበልጣልና፣ መጠጊያነቱ ተፈጥሮን ማክበር ብቻ ሳይሆን የዐቅምን ወሰን ማመንም ነበር።

ከአፈር ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ወደ ዐለት የተደረገው ጉዞ ሁሉ በየጊዜው መፍትሔ ተብሎ ነበር። መርዙ ግን ከዐይን ራቀ እንጂ ከምድር አልወጣም። የጎሹን ግጦሽ የሚያይ ጎብኚ ከእግሩ በታች ያለውን አያይም፤ ማከማቻውን የሚጠብቀው መሐንዲስ ግን መዘንጋት አይፈቀድለትም።