አንዲት ሰዓት የጠፋችበት እሁድ

ፈረንጅ በዓመት ሁለቴ ሰዓቱን ይነካካል። በጸደይ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋና በመከር ይመልሰዋል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በተቀራራቢ ሰዓት ስለሆነ ነገሩ ግር ይለናል። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ የሚኖረው ሰው ግን በበጋ ጎህ የሚቀድበት ገና ተኝቶ ሳለ ነው። ይህ ብርሃን በከንቱ አለፈ ብሎ በ1907 እ.ኤ.አ. የሞገተው እንግሊዛዊው ዊልያም ዊሌት ሲሆን፣ በአገር ደረጃ ቀድማ የሠራችበት ደግሞ ጀርመን ናት፤ በ1916፣ በጦርነቱ መካከል።

የግድግዳ ሰዓት ከሆነ በእጅ ማዞር ነው። ኮምፒውተርስ? የዩኒክስ ዘር የሆነው ኮምፒውተር በሆዱ የሚቆጥረው ከ1970 መባቻ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ነው። ያንን ቁጥር የትኛውም አዋጅ አይነካውም። መስኮቱ ላይ የምናየው ሰዓት ከዚህ ቁጥር ተነስቶ፣ የየአገሩን ሕግ ከያዘ ሰንጠረዥ ጋር ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ሕጉ ሲለወጥ ታዲያ ሰንጠረዡም አብሮ መለወጥ አለበት።

አሜሪካ በ2005 ባወጣችው ሕግ የሰዓት ለውጡን ከኤፕሪል መጀመሪያ እሁድ ወደ ማርች ሁለተኛ እሁድ አመጣችው። ማርች 11 ቀን 2007 ሲደርስ ሰንጠረዡ ያልታደሰ ኮምፒውተር ለሦስት ሳምንት አንድ ሰዓት ወደኋላ ቀረ። «ምን ችግር አለው፣ በእጄ አስተካክለዋለሁ» ያለው ሰውም አልተረፈም፤ ኤፕሪል 1 ላይ ማሽኑ የድሮውን ሕግ አስታውሶ ሌላ አንድ ሰዓት ጨመረለት! መድኃኒቱ ለካ ሰዓቱን ማዞር ሳይሆን ሕጉን ማደስ ኖሯል።

ብዙው ዓለም የሚጠቀምበትን ሰንጠረዥ በ1980ዎቹ የጀመረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ከእሱና ከፖል ኤገርት ጋር በጎ ፈቃደኞች ሲያሳድጉት ኖረዋል። በ2011 አንድ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር ሻጭ «መረጃው የኔ ነው» ብሎ ሁለቱን ከሰሰ፤ ሰንጠረዡም ለጥቂት ቀናት ከቦታው ጠፋ። ክሱ በ2012 ተነሳ። የዓለም ሰዓት በስንት ሰው ትከሻ ላይ እንዳለ ያኔ ታየ።

እኛስ ምን አገባን? ዋሽንግተን ያለው ልጅ በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲደውል አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ማርች ላይ በዚያችው ሰዓቱ ሲደውል ግን በ11 ሰዓት ሌሊት ይቀሰቅሳቸዋል። እሳቸው ሰዓታቸውን አልነኩም፤ እሱም አልዘነጋም። በመካከል ሕግ አለፈ።