ከመወለድ በፊት የሚጀምር ቁስል፦ የአንድ ሕክምና ታሪክ ከቪየና እስከ ቡራዩ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከስም ነው። በየመማሪያ ክፍላችን ምትኩ፣ ካሳሁን፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚባሉ ልጆች አሉ። በቡራዩና በዙሪያዋ ደግሞ ኢዶሳ የሚባል አይጠፋም፤ በኦሮምኛ «ቦታው» እንደ ማለት ነው፤ የሌላ ሰው ቦታ። ሁልጊዜ ባይሆንም እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት በቤቱ ሞት ካለፈ በኋላ ነው። ልጁ ያላየውን ወንድሙን ወይም እኅቱን ሊተካ፣ ያላደረሰውን ሐዘን ሊያስረሳ፣ ያልወሰደውን ሊክስ ገና በማሕፀን ሳለ ይታጫል ማለት ነው።

ይህን ስም ከሌላ ልማዳችን ጋር አያይዘን እንመልከተው። በብዙ የሀገራችን አካባቢ ሞቶ ለተወለደ ወይም በተወለደ በጥቂት ቀናት ላረፈ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶ አይቀመጡለትም። እናቲቱን «እግዚአብሔር ሌላ ይሰጥሻል» ብለው ያጽናኗታል፤ እንባዋም እንዲደርቅ ይጠበቃል። ሐዘኑ ግን መሄጃ ስላላገኘ ወደሚቀጥለው ልጅ ስም ውስጥ ይገባል። እኔ የታሪክ ተማሪ እንደ መሆኔ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከመወለድ በፊትና በመወለድ ሰዓት የሚደርስ የስሜት ቁስል አለን? ካለስ የሚታከመው በማን በኩል ነው? ለዚህ ጥያቄ ባለፈው አንድ ምዕተ ዓመት ሁለት የተለያዩ መልሶች ተሰጥተውበታል። አንደኛው ወደ ልጁ ትዝታ፣ ሁለተኛው ወደ እናቲቱ ሄዷል። ሁለተኛው መንገድ ትክክለኛው መሆኑን፣ ለዚህም የእኛው ሀገር ምርምር ድርሻ እንዳለው ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የቋንቋችንን ምስክርነት እንስማ። አማርኛ እርጉዝን ሴት ነፍሰ ጡር ይላታል፤ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ስትሰናበቱአት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትሏታላችሁ። ስትወልድ «ተገላገለች» ይባላል፤ ቃሉ ጠበኞችን ከሚያላቅቀው ከገላጋይ ጋር አንድ ሥር አለው። ወዲያውም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን፤ ምሕረት የሚባለው ቅጣት ወይም ሞት ሲታለፍ ነው። በአካባቢያችን የኦሮሞ ሴቶችም በወሊድ ጊዜ ማራምን ይለምናሉ፤ በአምስተኛውም ቀን ሸነን ብለው በአራሷ ዙሪያ ተሰብስበው ገንፎ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ። አራስ ለብቻዋ አትተውም፤ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ጠያቂ ከቤቷ አይጠፋም። ይህ ሁሉ የሚነግረን አባቶቻችንና እናቶቻችን ወሊድን የሥጋ ብቻ ሳይሆን የነፍስም አደጋ አድርገው ይቆጥሩት እንደ ነበር ነው።

ነገር ግን ያለፈውን ከልክ በላይ አናወድስ። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሀገራችን ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቷል፤ በጤና ተቋም የሚወለዱትም ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ልጆቿ በተከታታይ የሚሞቱባት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባል ነበር፤ ሐዘኗ ላይ ጥፋተኝነት ይደረብባታል፤ ትዳሯም የሚፈርስበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በሕክምናው ዓለም ሾተላይ የምንለው የእናትና የጽንስ ደም በአርኤች ዓይነት አለመጣጣም ነው። ይህ የደም ዓይነት ለዓለም የተገለጠው በ1940 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የሚከላከለው መርፌ በ1968 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ዋለ። መርፌው ያዳነው ሕፃናትን ብቻ አይደለም፤ «ልጅ በላ» ከመባል ሴቶችንም አድኗል። ስለዚህ ልማዱ አደጋውን በትክክል አይቶ ምክንያቱን ግን አንዳንድ ጊዜ በተጎጂዋ ላይ ጭኗል።

አሁን ወደ ቪየና እንሻገር። በ1924 እ.ኤ.አ. የሲግመንድ ፍሮይድ የቅርብ ተከታይ የነበረው ኦቶ ራንክ ስለ ወሊድ ቁስል መጽሐፍ አሳተመ። የሰው ጭንቀት ሁሉ ምንጩ ከማሕፀን የመለየት ድንጋጤ ነው፤ ሕክምናም ይህን መለየት እንደገና ኖሮ መፈጸም ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ፍሮይድ ራሱ ቀደም ሲል መወለድን የመጀመሪያው የጭንቀት ልምድ ብሎት ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ስለ ጭንቀት በጻፈው መጽሐፍ ግን የራንክን ድምዳሜ አልተቀበለም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ልደቱን በምስል ይዞ ይቆያል የሚለው አልታየውም። ሁለቱም በዚያው ዓመት ተለያዩ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አርተር ያኖቭ በጩኸት የመጀመሪያውን ሕመም የማውጣት ሕክምናን በመጽሐፍ አስተዋወቀ። በዚያው ዐሥርት ዓመታት «ዳግም መወለድ» የተባለ የአተነፋፈስ ልምምድ ተስፋፋ። ትልልቅ ሰዎች የልደታቸውን ሰዓት አስታወስን አሉ፤ አለቀሱ፤ ቀለለን አሉ። ማቅለሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰው አልቅሶ ሲወጣለት ይቀለዋልና። ማስታወሱ ግን የተለየ ነገር ነው፤ የትዝታ ሳይንስ የሰው ልጅ የልደቱን ክንውን እንደ ታሪክ ይዞ እንደሚቆይ አያረጋግጥም። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኮሎራዶ ግዛት አንዲት የ10 ዓመት የማደጎ ልጅ በዚህ ስም በተደረገባት «ሕክምና» በአንሶላ ተጠቅልላ፣ በላይዋ ላይ በተጫኗት ሰዎች ታፍና ሞተች። መጨነቋን ስትናገር የልደት ምጥ ነው ተብሎ ታለፈች። በሚቀጥለው ዓመት ግዛቲቱ ድርጊቱን በሕግ ከለከለች። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፦ ፊት ለፊት ያለውን የሕያው ልጅ ጩኸት ትቶ የጥንቱን ጩኸት የሚፈልግ ሕክምና መንገዱን ስቷል።

ሁለተኛው መንገድ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. አልበርት ኬንና ባርባራ ኬን የተባሉ ተመራማሪዎች የሞተን ልጅ እንዲተኩ ስለ ተወለዱ ልጆች ጻፉ። ወላጆቹ ሐዘናቸውን ሳይጨርሱ የወለዱት ልጅ ከማይመታ አምሳያ ጋር ሲነጻጸር ያድጋል የሚል ነበር ግኝታቸው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ምትኩን አለማስታወስ አይችልም። በ1975 እ.ኤ.አ. ሰልማ ፍራይበርግ በሚሺጋን ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጽሑፍ ደግሞ የወላጅ ያልተነገረ ያለፈ ሕመም እንደ መንፈስ በሕፃኑ አልጋ ዙሪያ እንደሚያንዣብብ ገለጠ። የእርሷ ሕክምና ሕፃኑን ወደ ኋላ አይመልስም። ባለሙያዋ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ ከእናቲቱ ጋር ትቀመጣለች፤ እናቲቱ የራሷን ሐዘን ከነስሜቱ መናገር ስትችል ልጇን እንደ ልጇ ማየት ትጀምራለች። ፍራይበርግ መንፈስ ያለችው ምሳሌ ነበር፤ የእኛ ሰዎች ሾተላይ ሲሉ እውነተኛ መንፈስ ማለታቸው ነበር። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር አይተዋል፦ ያለፈ ሞት በአዲስ ልጅ ቤት ይገባል።

ሥጋም የራሱን ምስክርነት ሰጠ። በ1980 እ.ኤ.አ. ዲካስፐርና ፋይፈር አዲስ የተወለዱ ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው እንደሚመርጡ አሳዩ። እንግዲህ ሕፃኑ ከማሕፀን ይዞት የሚወጣው የታሪክ ትዝታ ባይሆንም ትውውቅ ነው። በቦጎታ ከተማ ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ. ማሞቂያ ሣጥን ያነሳቸው ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ሥጋ ለሥጋ አድርገው ማሞቅ ጀመሩ። ይህ አሠራር ወደ እኛም መጣ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ በአዲስ አበባ ያካሄዱትና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ ሕፃናት ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ በእናታቸው ደረት ሲታቀፉ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከተለመደው አያያዝ እንደሚሻል አሳይቷል። ለመለየት ቁስል ከተገኙት መድኃኒቶች ሁሉ ርካሹና ጠንካራው አለመለየት ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ቀጥሎ ቡታጅራ ትመጣለች። እናት ከወሊድ በኋላ የሚደርስባትን የመንፈስ ጭንቀት ለመለየት በዓለም በስፋት የሚሠራበት የኤዲንብራ መጠይቅ የወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ጆን ኮክስ አስቀድሞ በኡጋንዳ ሠርቶ ነበር፤ እዚያም አማኪሮ ስለሚባለው፣ ወላድን ስለሚያገኝ ሕመም ጽፏል። አፍሪካውያን እናቶች ለዚህ ዕውቀት መነሻ ከሆኑት መካከል ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን መጠይቁ ወደ እኛ ሲመጣ ራሱ ተፈተነ። ቻርሎት ሃንሎን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በቡታጅራ ገጠር ከኤዲንብራው ይልቅ 20 ጥያቄዎች ያሉት ሌላ መጠይቅ ተሽሎ ተገኘ። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ግን የኤዲንብራው መጠይቅ መልካም ውጤት ሰጠ። ሐዘን በየሀገሩ ብቻ ሳይሆን በከተማና በገጠርም በተለያየ ቃል ይናገራል።

በዚያው በቡታጅራ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1,065 ሴቶች ከእርግዝናቸው መጨረሻ ወራት አንሥቶ ተከትለዋል። በእርግዝና ወቅት ከፍ ያለ የመንፈስ ጭንቀት የታየባቸው ሴቶች ምጣቸው የመርዘምና ጡት ማጥባት የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ ሆነ። ልብ በሉ፦ ይህ ግኝት የራንክን ጥያቄ ገልብጦ ይመልሰዋል። ራንክ ወሊድ ነፍስን ያቆስላል አለ፤ የቡታጅራ እናቶች ደግሞ የቆሰለች ነፍስ ወሊዱንም እንደምታከብደው አሳዩ። ተመራማሪዎቹ ባህሉንም አልናቁትም፤ የእርግዝናና የአራስነት ልማዶች መፈጸምና መጓደል ከጭንቀቱ ጋር ያላቸውን ዝምድና መርምረዋል። ከዚያ ወዲህ ተሰራ ቢተውና ሌሎች በገጠር ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጥ አጭር የምክክር ሕክምና ለመፈተን ሠርተዋል፤ ሴትየዋ የሚያስጨንቃትን ነገር ለይታ አንድ በአንድ የምትፈታበት መንገድ ነው።

እንግዲህ ወደ ቡራዩ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ስንወጣ የምናገኛት፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለችው ይህች ከተማ ለአእምሮ ሕክምና እንግዳ አይደለችም፤ በገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል አለ። ነገር ግን ማገገሚያው የሚቀበለው ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው። እኔ የማስበው ከዚያ ቀደም ብሎ ስላለችው፣ በግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ስለምትኖረው ወላድ ነው። እናቷ በሩቅ ገጠር ናት፤ ባሏ ማልዶ ይወጣል፤ የግቢው ጎረቤት በየወሩ ይለዋወጣል። እርሷ የቡታጅራም የአዲስ አበባም ሴት አይደለችም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ቤታቸውን ጥለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተጠለሉ ወገኖቻችንንም አንርሳ። ከሸሸ ሕዝብ መካከል ነፍሰ ጡርና አራስ ታጥቶ አያውቅም፤ የዚያን ሰሞን ጽንሶች ዛሬ የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

በ2019 እ.ኤ.አ. በሀገራችን በጤና ተቋም የሚወለዱት ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህ የብዙ ሰዎች ድካም ፍሬ ነው፤ ወደ ኋላ ይመለስ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ወሊዱ ከቤት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የአራስ ቤቱ ሥራ አብሮ አልሄደም። ሴቲቱ በሰላም ተገላግላ በማግስቱ ወደ ባዶ ክፍል ትመለሳለች። በየጤና ጣቢያው ገንፎ መገንፋትና ቡና ማፍላት ሲጀመር አንዳንዶች እንደ ማባበያ ቆጥረውት ነበር። እኔ ግን የአንድ ጥንታዊ ሕክምና ቅሪት አድርጌ አየዋለሁ።

ስለዚህ ለአዋላጆቻችን ሦስት ጥያቄዎችን ትቼ እሄዳለሁ፤ አዲስ በጀት አይጠይቁም። ለነፍሰ ጡሯ፦ «ከዚህ በፊት ያረፈብሽ ልጅ አለ? ስለ እርሱ ንገሪኝ» በሏት፤ ማንም አልጠየቃትም ይሆናል። ለድርሷ፦ «ማን ያርስሻል?» በሏት፤ «ማንም» ካለች ይህን እንደ ደም ግፊት ቍጥር በካርዷ ላይ ጻፉት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቀድማ ትጎብኛት። ለአራሷ፦ «የልጁን ስም ማን አወጣው? ለምንስ?» በሏት። ምትኩ የሚል መልስ ከመጣ ስሙን አታስለውጡ፤ ስሙ የፍቅር ሥራ ነው። ነገር ግን ከስሙ በፊት የነበረው ልጅ በእናቱ አንደበት አንድ ጊዜ ይጠራ፤ ይለቀስለት። የሞተው ሲለቀስለት የተወለደው ምትክ መሆኑ ይቀርና ራሱን ይሆናል።