የእንቁልጢ ካንሰር በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

የእንቁልጢ ካንሰር ከማህፀን ግራና ቀኝ ካሉት፣ የዘር እንቁላል ከሚያመነጩት ሁለት ትንንሽ አካላት የሚነሣ ካንሰር ነው። ሐኪሞች በአብዛኛው «የኦቫሪ ካንሰር» ይሉታል። ለረጅም ጊዜ መነሻው እንቁልጢው ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ያለፉት ሃያ ዓመታት ጥናቶች ግን በብዛት የሚታየውና ክፉኛ የሚያጠቃው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንቁላሉን ተቀብሎ ወደ ማህፀን ከሚያደርሰው ቱቦ ጫፍ መሆኑን አሳይተዋል።

ሕዝቡ ለዚህ በሽታ ለብቻው ስም አላወጣለትም። በባሕር ዳር ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች «የማህፀን ካንሰር» ሲባል የማህፀን በር፣ የማህፀንና የእንቁልጢ ካንሰር ሦስቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህ የስም መደበላለቅ ዋጋ ያስከፍላል። በጤና ጣቢያ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጋ «ደህና ነሽ» የተባለች ሴት፣ ማህፀኗና በዙሪያው ያለው ሁሉ የታየላት ይመስላታል። ምርመራው የሚያየው የማህፀን በርን ብቻ ነው፤ ስለ እንቁልጢ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በአንድ ዓመት ከ320 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፣ ከ200 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሞተዋል። በኢትዮጵያ በዚያው ዓመት በሁሉም ዓይነት ካንሰር አዲስ የተያዙት ወንዶችና ሴቶች ወደ 80 ሺህ ይገመታሉ። ከሴቶች ካንሰሮች የጡት አንደኛ፣ የማህፀን በር ሁለተኛ ሲሆኑ የእንቁልጢ ካንሰር ከእነርሱ ቀጥሎ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። የአገሪቱ ግምት በዋናነት የሚያርፈው እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተቋቋመው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ላይ ነው። በጣና ላይ ባለችው ደቅ ደሴት ወይም ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ባለው አቸፈር፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ የሞተች ሴት በዚያ መዝገብ አትገኝም።

ልጅ መውለድ፣ ማጥባትና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል መውሰድ የበሽታውን ዕድል ይቀንሳሉ። ምክንያቱ እንቁላል የሚወጣባቸው ወራት ቁጥር በማነሱ ነው ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያቀናጀ ትንተና እንክብሉን ለአምስት ዓመት መውሰድ አደጋውን በአንድ አምስተኛ ገደማ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት መውሰድ ደግሞ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። «መከላከያ ካንሰር ያመጣል» የሚለው የመንደር ወሬ በዚህ በሽታ ረገድ እውነቱን ገልብጦታል። ብዙ የወለደች የጣና ዳር እናት ከአንድ አውሮፓዊት ያነሰ ዕድል አላት ማለት ይቻላል፤ ነፃ ናት ማለት ግን አይደለም። የመውለድ ልማዱም እየተለወጠ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው 3.7 ልጅ ሲሆን የአገሪቱ አማካይ 4.6 ነበር።

«ሆዴ ውሃ ቋጠረ»

በሽታው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በሆድ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ትንሽ ቀምሳ ትጠግባለች፣ የታችኛው ሆድና ወገብ ያማል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሰውነቷ እየከሳ ሆዷ ብቻ ይገፋል። ቀሚሱ ወገቡ ላይ እምቢ ይላል። ጎረቤት «ደግሞ አረገዝሽ እንዴ?» ይላታል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የዚህ በሽታ ብቻ አይደለም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ በጣና ዙሪያ ደግሞ ይብሳል።

የሐይቁ ዳርቻ የብልሃርዝያ አገር ነው። ልብስ በሐይቁ የምታጥብ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ዓሣ ከሚያጠምድ ባሏ ጋር ከደንገሉ መሐል የምትውል ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ ለትሉ የተጋለጠች ናት። የአንጀት ብልሃርዝያ ዓመታት ሲቆይ ጉበትን ያደነድናል፣ ሆድም ውሃ ይቋጥራል። የሆድ ቲቢም እንደዚሁ ሆድን በውሃ ሞልቶ ሰውነትን ያከሳል። በደም ውስጥ የሚለካውንና ለእንቁልጢ ካንሰር ጠቋሚ የሆነውን «ሲኤ 125» የተባለ ንጥረ ነገር ሳይቀር ከፍ ያደርጋል። የልብና የጉበት ሕመሞች አሉ። ከሁሉም በፊት ደግሞ «ጨጓራ ነው» የሚለው ፍርድ አለ። አንዲት ሴት የጨጓራ መድኃኒት፣ ቀጥሎ የታይፎይድ፣ ቀጥሎ የትላትል እየወሰደች ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህ መሐል ጠበል ትጠመቃለች፤ ወገቧ ሲብስባት ደራ ወረዳ ወዳለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ትወርዳለች። ጠበሉም ፍል ውሃውም ከምርመራ ጋር ቢሄዱ ክፋት የላቸውም። ክፋቱ ምርመራው ወደ ኋላ መቅረቱ ነው።

ካንሰሩ በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሴሎቹ ከእንቁልጢው ተራግፈው የሆድ ዕቃን ሽፋን ተከትለው ይዘራሉ፣ በአንጀት ላይ የተነጠፈውን ሞራ ይይዛሉ፣ ጉበትና ድያፍራም ላይ ይለጠፋሉ። ዓለም አቀፉ አከፋፈል አራት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው፣ በእንቁልጢው ብቻ ተወስኖ ሳለ ከተገኘ ጥሩ ሕክምና ባለበት አገር ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ገደማ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። ርቆ ከተሰራጨ በኋላ ከሆነ ይህ ቁጥር ወደ ሦስት ይወርዳል። ሆድ ውሃ የሚቋጥረው አብዛኛውን ጊዜ በዘገየው ደረጃ ነው። በባሕር ዳር ብቻ ሳይሆን በሀብታሞቹም አገሮች አብዛኞቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ሦስተኛው ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው።

ታዲያ ጤነኛ ሴቶችን ሁሉ አስቀድሞ መመርመር አይሻልም? ይህ በሰፊው ተሞክሯል። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ጥናት በሲኤ 125 የደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ለዓመታት ተከታተላቸው። በ2021 የታተመው የመጨረሻ ውጤት ምርመራው በዚህ ካንሰር የሚሞቱትን ሴቶች ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳየ። ስለዚህ ምልክት ለሌላት ሴት የሚሰጥ፣ የሚታመንበት የጅምላ ምርመራ ዛሬም የለም። የቀረው ምልክት ያላትን ሴት ሳይዘገዩ ማየት ነው።

ለዚህ መነሻው አልትራሳውንድ ነው፣ መሣሪያው ደግሞ ብርቅ አይደለም። በሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ነፍሰ ጡሮች ይታዩበታል። የአገሪቱ የሴቶች ጤና አገልግሎት በእናትነት ዙሪያ የተገነባ ነው፦ እርግዝና፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የወሊድ መከላከያ። በዚህ ረገድ የተሠራው ሥራ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን የወር አበባዋ የቆመ የ55 ዓመት ሴት ወደዚያ የሚያመጣት ጉዳይ የለም። በእንቁልጢ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለው እርሷ ሆና ሳለ፣ ጤና ጣቢያው የሚያውቃት የልጅ ልጇን ለክትባት ይዛ ስትመጣ ነው። የዚህ መጣጥፍ ጸሐፊ እምነት ትልቁ ክፍተት ያለው በመድኃኒት ሳይሆን እዚህ ላይ ነው የሚል ነው።

ሕክምናና መንገዱ

ሕክምናው ሁለት ምሰሶ አለው፦ ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ። የጨረር ሕክምና በዚህ ካንሰር ላይ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ስለ ካንሰር ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ጨረር መሣሪያ ይሆናል። ለሃያ ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስለነበረና ወረፋው ስለሚያስመርር ወሬው ተገቢ ነበር። የእንቁልጢ ካንሰር ያላት ሴት በቅድሚያ የምትፈልገው ግን የሰለጠነ እጅ፣ የፓቶሎጂ ባለሙያና የማይቋረጥ መድኃኒት ነው።

ቀዶ ሕክምናው ማህፀንን፣ ሁለቱን እንቁልጢዎች ከነቱቦዎቻቸውና ሞራውን ማውጣት፣ በሆድ ውስጥ የሚታየውንም ዕጢ ሁሉ መልቀም ነው። የሚታይ ነገር ያልቀረባት ሴት ከቀረባት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ታገኛለች። ይህ ሰዓታት የሚፈጅ፣ ደም የሚጠይቅ ሥራ ነው። ተራ የውሃ ከረጢት ነው ተብሎ በትንሽ ሆስፒታል የተከፈተ ዕጢ ሆድ ውስጥ ቢፈነዳ የመጀመሪያው ዕድል ይበላሻል። በመርፌ ውሃውን መቅዳትም ትንፋሽ ይሰጣል እንጂ በሽታውን አይነካውም። በሴቶች የመራቢያ አካላት ካንሰር የሚሠለጥኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በአገር ውስጥ መውጣት የጀመሩት በቅርብ ዓመታት ነው፤ ሥልጠናው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይሰጣል።

ኬሞቴራፒው በአብዛኛው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክስል ነው። ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ጊዜ ይሰጣል። ዕጢው ከተስፋፋ ሦስቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ሦስቱን በኋላ መስጠት የተለመደ ነው። በወጣት ሴቶች የሚታየው፣ ከዘር ሴሎች የሚነሣው ዓይነት ግን የተለየ መድኃኒት አለው፤ ብዙ ጊዜም ይድናል፣ የመውለድ ተስፋም ሳይጠፋ ሊታከም ይችላል። ስለዚህ የ17 ዓመት ልጃገረድ ሆዷ ሲገፋ ሐሜት ፈርቶ ቤት ውስጥ ከመዝጋት ይልቅ ወደ ሐኪም መውሰድ ሕይወቷን ማትረፍ ነው።

በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወት አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል አለው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ከከተማዋ ትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በሐይቁ ሰሜን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ከነዚህ በላይ የሆነው ጉዳይ «ሪፈር» ተብሎ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ ይላካል። ለደቅ ደሴት ሴት መንገዱ በጀልባ ይጀምራል። ስድስት ዙር ኬሞ ማለት ስድስት ጊዜ መሻገር፣ ስድስት ጊዜ የአልጋ ኪራይ፣ ስድስት ጊዜ ከአስታማሚ ጋር መክረም ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተባባሰው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር ደግሞ ዙሩ ይዘለላል። ካንሰሩ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ፖሊሲ

የመጀመሪያው ብሔራዊ የካንሰር ቁጥጥር ዕቅድ ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀ ሲሆን ለሴቶች ቅድሚያ የሰጠው ለጡትና ለማህፀን በር ካንሰር ነበር። ምርጫው ትክክል ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር በክትባትና በቀላል ምርመራ መከላከል ይቻላል። የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር አገሪቱ ትልቅ እርምጃ ተራምዳለች። የእንቁልጢ ካንሰር ግን ክትባትም የጅምላ ምርመራም ስለሌለው ከዕቅድ ወረቀት ላይ በቀላሉ ይወድቃል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ያለው ፎገራ፣ ሌላው ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ያለው ደቡብ አቸፈር ነበር። የዚህ አካባቢ ገበሬ መድንን ከብዙዎች ቀድሞ ያውቀዋል። መድኑ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ሲሄዱ ይሠራል፤ የጀልባና የአውቶቡስ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ግን አይሸፍንም። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋም ታካሚዋ ከውጭ ትገዛለች። ብዙ ቤተሰብ በሬ የሚሸጠው እዚህ ላይ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሳሰሉ ማኅበራት ክፍተቱን ለመሙላት ይጥራሉ፤ ሸክሙ ግን ከማኅበራት አቅም በላይ ነው።

ያም ሆኖ ሩቅ የነበረ የሴቶች ሕክምና ወደ ሐይቁ ሊቀርብ እንደሚችል ባሕር ዳር ራሷ ምስክር ናት። በወሊድ ጊዜ በሚደርስ ጉዳት፣ በፊስቱላ፣ የሚሠቃዩ ሴቶች አዲስ አበባ ድረስ ይሄዱ የነበረበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ2005 የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በከተማዋ ሲከፈት ተለውጧል።

ዘርና ምርምር

ከበሽታው ከአሥር አንድ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በዘር ይተላለፋል። ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 በጡትና በእንቁልጢ ካንሰር የሚጠቁ ቤተሰቦች የሚጋሩት ዘረመል የሚገኝበትን ቦታ አመለከቱ፤ ይህ ብራካ 1 ነው፣ በኋላ ብራካ 2 ተከተለው። የተበላሸ ብራካ 1 የወረሰች ሴት በዕድሜዋ በእንቁልጢ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ወደ 40 በመቶ ይደርሳል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ዘረመል ወርሰው በእንቁልጢ ካንሰር ለተያዙ ሴቶች ኦላፓሪብ የተባለና የሚዋጥ መድኃኒት ተፈቅዷል። ዋጋው ከተራው ታካሚ አቅም እጅግ የራቀ ነው።

የዘረመል ምርመራ ከጣና ዳር ሩቅ ነው፤ የቤተሰብ ታሪክ ግን ቅርብ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል ሕዝብ «አክስቴ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች፣ እናቴን ጡቷን አሟት ነበር» ብሎ ለሐኪም መንገር አያቅተውም። ሐኪሙም መጠየቅ አለበት፤ በእናት ወገን ብቻ ሳይሆን በአባትም ወገን።

አንባቢ ሆይ፣ እናትዎ ወይም እህትዎ በወር ውስጥ ከአሥራ ሁለት ቀን በላይ ሆዴ ተነፋ፣ ቶሎ እጠግባለሁ፣ ከእምብርቴ በታች ያመኛል ካሉ፣ በተለይ 50 ዓመት ያለፋቸው ከሆነ፣ የጨጓራ መድኃኒት ተቀብለው አይመለሱ። የሆድና የማህፀን አልትራሳውንድ ይጠይቁላቸው፤ ጤና ጣቢያው ከሌለው ሪፈር ያጽፉ።